በአክስቴ የባና ሱቅ የተሸጠው ቲያትር

እኔ መሸጥ እችላለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራም ቢሆን ምን አለበት፣ ያለኝን ነው የማወራው። ደብረ ብርሃን ላይ ባና፣ ያን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ መሸጥማ ማንም ይሸጣል፤ ብርዱ ራሱ ይሸጥልሃል። እኔ ግን የማይበላ፣ የማይለበስ፣ ሰው ሰምቶት የማያውቅ ነገር፣ ስኳር በካርድ በሚታደልበት በደርግ ዘመን፣ በአንድ ቀን ሸጬ ጨርሻለሁ። የሸጥኩት የቲያትር ቲኬት ነው። የሸጥኩበትም የአክስቴ የባና ሱቅ ነው። ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ስቆ ሲያበቃ ደግሞ «አክስትሽስ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እሱን እመጣበታለሁ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት፤ የአንኮበር ሰው። ባሏ በሕይወት ሳለ ደብረ ብርሃን ዋናው መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው፣ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ አድርገው ኖሩ። ባንኮኒውን ባሏ ነው በገዛ እጁ ከጥድ ጣውላ የሠራው። እሱ ሲሞት ሱቁን ብቻዋን ያዘችው። የመንዝ ባና፣ በርኖስ፣ ክር፣ መርፌ፣ አዝራር ትሸጣለች፤ ከአሊዩ አምባ የሚመጣ የጥጥ ፈትልም አይጠፋትም። ልጅ አልወለደችም። እኔ ደብረ ብርሃን ተምሬ፣ ማትሪክ ወድቄ፣ አንኮበር እቤት ስቀመጥ «እዚያ ተቀምጣ አፏን ከምትከፍት እዚህ መጥታ ትክፈተው» ብላ ከእናቴ ወሰደችኝ። አፌ እንጀራ እንደሚሆነኝ ከማንም በፊት ያወቀችው እሷ ናት።

እትዬ ነበር የምላት። ንግግር አትወድም። የእኔን አንድ ሰዓት ወሬ በአንድ «እህ» ትመልሰዋለች። ስትናደድ ባና ታጥፋለች፤ በጣም ስትናደድ ያጠፈችውን ባና ፈትታ እንደገና ታጥፋለች። ባናው ስንቴ እንደታጠፈ አይቼ የውሎዋን ነገር አውቅ ነበር።

ትርፍ ቤት ሲወረስ ቤቱ የቀበሌ ሆነ፤ አክስቴም ኪራይዋን ለቀበሌ መክፈል ጀመረች። ይህ ባልከፋ። የከፋው የቀበሌው ሱቅ ከእኛ በላይ ባለው ቅያስ ሲከፈት ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ እዚያ ሲሰለፍ ይውልና እኛ ጋ ለመግባት ጊዜም ጉልበትም አይኖረውም። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ መርፌ ሸጠን የምንዘጋበት ቀን ነበር።

አንድ ሰኞ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ከሹመቱ በፊት አናጢ ነበር፤ ባንኮኒያችንን ባየ ቁጥር በመዳፉ ሳይዳብስ አይወጣም። የዚያን ቀንም እየዳበሰ፣ «እትዬ፣ ስብሰባ ላይ ጥያቄ ተነሥቷል» አለ። «ሰው የማይገባበት ሱቅ ለምን ዋና መንገድ ላይ ይቀመጣል ተባለ። እስከ ወሩ መጨረሻ እናያለን። ሰፊውን ሕዝብ የሚያገለግል ከሆነ ይቆያል። ካልሆነ የፊተኛውን ክፍል ለሥራ ላለው እንሰጣለን። የኋላው መኖሪያዎ ነው፣ አይነካም።»

«እሺ» አለች አክስቴ።

እሱ ሲወጣ አንዱን ባና ሦስት ጊዜ አጠፈችው። ከዚያ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ፣ «እዚህ ባንኮኒ ጀርባ ሃያ ዓመት ቆሜያለሁ። ከዚህ ወጥቼ የት እንደምቆም አላውቅም» አለች። ከአክስቴ አፍ እንዲህ ያለ ረዥም ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በሆዴም ይህ ሱቅ እኔ እያለሁ አይዘጋም ብዬ ማልኩ።

መምህሩ የመጡት በማግስቱ ነው። ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ ያስተማሩኝ፣ ሲናገሩ ዐይናቸውን የሚጨፍኑ ረዥም ሰው ናቸው። የገቡት ለበርኖሳቸው አዝራር ሊገዙ ነበር፤ አዝራሩን ስፈልግላቸው ወሬ ጀመሩ። የትምህርት ቤቱ የቲያትር ክበብ ቲያትር አዘጋጅቷል። ገቢው ለቤተ መጻሕፍቱ የመስኮት መስታወት ነው፤ የጣርማ በር ነፋስ በዚያ መስኮት ሲገባ ተማሪው እጁን ከጋቢው ላለማውጣት ገጹን በአፍንጫው ሊገልጥ ምንም አልቀረውም። ሁለት መቶ ቲኬት በስቴንስል ተባዝቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በቦርሳቸው ውስጥ አለ። ቲያትሩ እሁድ ከሰዓት በከተማው አዳራሽ ይታያል።

«በቀበሌ በኩል እናድልልዎ አሉኝ» አሉ። «በቀበሌ ከታደለ ሰው ይገዛል፤ ገዝቶም ይመጣል፤ መጥቶ ግን ይተኛል። ስብሰባ ነው የሚመስለው። እኔ የምፈልገው ወዶ የሚመጣ ሰው ነው።»

«ለእኛ ይስጡን» አልኩ።

«ለእናንተ? ለባና ቤት?»

«ምን አለበት? ባንኮኒ አለን፣ ዋና መንገድ ዳር ነን። ለባና የገባ ቲኬት ይገዛል፣ ለቲኬት የገባ ክር ይገዛል። እሁድ አዳራሽዎ ጢም ይላል።»

አክስቴ ከኋላ ሰምታ ወጣች። «ምን ተማምነሽ ነው ለሰው ቃል የምትገቢው?» አለችኝ፣ መምህሩ ፊት።

«እትዬ፣ ሰው የማይገባበት ሱቅ ነው አይደል የተባለው? ሰው ይገባበታላ።»

ቲኬቶቹን አየች፤ እኔን አየች። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለች። በእሷ ቋንቋ ይህ ትልቅ ፈቃድ ነው።

ቲኬቶቹን ባንኮኒው ላይ ደርድሬ፣ ካርቶን ላይ በቀይ ቀለም «የቲያትር ቲኬት እዚህ ይገኛል» ብዬ ጽፌ፣ ደጁ ላይ ሰቅዬ ተቀመጥኩ። ካርቶኑን አንብቦ የገባ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስብሰባ አለበት?» የለበትም እላለሁ። «ስብሰባ ከሌለበት ለምን በወረቀት ይጠሩናል?» ይልና ባናውን ደባብሶ ይወጣል። አንዲት ሴትዮ ማኅተም ያለበት ወረቀት ስታይ ራሷን እንደሚያማት ነግራኝ ሄደች። እስከ ረቡዕ ማምሻ አራት ቲኬት ሸጥኩ። ከአራቱ ሁለቱን የገዙት መምህሩ ራሳቸው ናቸው፤ ለሚስታቸውና ለአማታቸው።

አክስቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብቻ ረቡዕ ሱቁን ስንዘጋ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች፣ ለበሩ መቀርቀሪያ የምትነግረው ይመስል።

ሐሙስ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ስሄድ በቀበሌው ሱቅ ቅያስ አለፍኩ። የዚያን ጊዜ ሰልፍ ሲባል ሰው ራሱ አይሰለፍም ነበር። ሰው ሥራ አለው። የሚሰለፈው ዘንቢሉ ነው፤ ዘንቢል የሌለው ጀሪካኑን፣ ጀሪካን የሌለው ድንጋዩን ያሰልፋል። ሁሉም ድንጋዩን ያውቃል፤ የሰው ድንጋይ የሚነካ አልነበረም፣ ሌባ እንኳ ይህን ሕግ ያከብር ነበር። ሁለተኛ ሕግ ደግሞ አለ። ሰልፍ ያየ ይሰለፋል። ምን እንደመጣ መጠየቅ ከተሰለፉ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው መልሱን እስኪሰማ ዕቃው ያልቃል።

እንስራዬን እንዳዘልኩ ቆሜ ያንን የድንጋይና የዘንቢል ሰልፍ ሳይ፣ ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ይህ ሕዝብ በቃል አይጠራም፣ በካርቶንም አይጠራም። ውኃውን ትቼ ተመለስኩ።

አክስቴ ገና ጸሎት ላይ ነበረች። ጆሮው በቀይ ጨርቅ የታሰረውን ዘንቢሏን፣ አንድ ጀሪካን፣ አንድ የዛገ ጣሳ፣ ከጓሮ ሁለት ድንጋይ አመጣሁና ከደጃችን ጀምሬ በአንድ መስመር ደረደርኳቸው። መጥረጊያ አነሣሁ፤ የተጠረገውን ደጅ መልሼ እጠርግ ጀመር።

መጀመሪያ የመጣችው እንጨት ሻጭ ናት። ዘንቢሉን አየች፣ እኔን አየች። እኔ ሰማዩን አየሁ። ነጠላዋን ፈትታ ድንጋይ ጠቀለለችበትና ከጣሳው ኋላ አስቀመጠች። ከእሷ ኋላ ሁለት ጎረቤታሞች መጡ፤ ከዚያ አንድ ጡረተኛ ወታደር፤ ከዚያማ መቁጠር ተውኩ። አንዱ «መቼ ነው የሚከፈተው?» አለኝ። «ሦስት ሰዓት» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ሱቃችን ሁልጊዜ የሚከፈተው ሦስት ሰዓት ነው። አንድም ቃል አልዋሸሁም፤ ይህን ዛሬም አጥብቄ እናገራለሁ። አቡጀዲ ነው የመጣው ያሉት እነሱ፣ የለም መኮረኒ ነው ያሉትም እነሱ።

ፈትል የሚያመጣልን የአሊዩ አምባ ነጋዴም ከቆላ ወጥቶ ደረሰ። ጥቅሉን ሰልፉ ውስጥ አስቀምጦ አጠገቡ ቆመ።

«እርስዎ ደግሞ ምን ያሰልፍዎታል? ቤትዎ ነው፣ ይግቡ እንጂ» አልኩት።

«ወላሂ እኔም አላውቅም» አለ። «ሰው ሲሰለፍ አየሁ፣ እኔ ጋ ሳይደርስ እንዳያልቅ ብዬ ነው።»

አክስቴ ጸሎቷን ጨርሳ ስትወጣ ሰልፉ ልብስ ሰፊው ጥግ ደርሶ ታጥፏል። መጀመሪያ ያየችው ዘንቢሏን ነው።

«ዘንቢሌ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ተሰልፏል» አልኩ።

«እነዚህ ሰዎች ምን ጠብቀው ነው?»

«እንጃ። አልጠየቅኳቸውም።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ኃጢአት ነው።»

«ቲኬት ነው እንጂ እትዬ፣ ኃጢአት አይደለም።»

በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እምላለሁ፣ እየሳቀች ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩን ከፈትኩ። እንጨት ሻጯ ቀድማ ገባች።

«ለሰው ስንት ነው?» አለች።

«ለአንድ ሰው አንድ። ሲበዛ ሁለት።»

«ምኑ?»

«ቲያትሩ።»

ባንኮኒው ላይ በሁለት እጇ ተደገፈች። ቀይ ቲኬት አሳየኋት፤ እሁድ ከሰዓት መሆኑን፣ የገዛ ተማሪዎቻችን እንደሚጫወቱ፣ ስብሰባም መዋጮም እንደሌለበት ነገርኳት። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ብርድ ላይ ቆሜ ባዶ እጄን አልገባም» አለች በመጨረሻ። «ስጪኝ። ሁለቱንም ስጪኝ።»

ስትወጣ ሰልፈኛው ከበባት፤ ምን አገኘሽ፣ ምን ሰጡሽ። ወረቀቱን ጡቷ ውስጥ ሸጉጣ «ግቡና እዩ» ብላ አለፈች። ብቻዋን ልትሞኝ አልፈለገችም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንዲሁ ነበር የማደርገው። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ከአምስተኛው ሰው በኋላ ማስረዳቱን ተውኩት። «ከሁለት በላይ ለሰው አይሰጥም» የምትለዋን ብቻ እደጋግማለሁ፤ ይህን የሰማ ሰው አንድ ሊገዛ መጥቶ ሁለት ይወስዳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን ብልጡም አልለቀቀም። «አዳራሹ ይበርዳል» እያልኩም ስድስት ባና ሸጥኩ። ነጋዴው ቲኬቱን ይዞ፣ እሁድ አሊዩ አምባ እንደሚሆን ትዝ ሲለው በሳቅ ፈረሰ፤ ቢሆንም አልመለሰውም።

እኩለ ቀን ላይ ሊቀመንበሩ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየሁት። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሰልፉን ከራሱ እስከ ጭራው አየ። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ።

«አየሽ እትዬ? ጻፈው።»

«ምን ብሎ?»

«ሰፊውን ሕዝብ ያገለግላል ብሎ ነዋ።»

«እህ» አለች።

ቲኬቱ ሐሙስ ማምሻ አለቀ፤ እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። ቃሌን ጠበቅኩ፤ መቆሚያ እንኳ አልነበረም። መጋረጃው ሊከፈት ሲል መምህሩ በቀዳዳው አጮልቀው አዩና ጠሩኝ። «ይሄ ሰው በጭኑ ላይ ምን ይዞ ነው?» አሉ። ሳጮልቅ እኔም ክው አልኩ። ግማሹ ሕዝብ ባዶ ዘንቢሉን ይዞ መጥቷል። ቲያትር ነው ብያቸዋለሁ፤ ሰምተውኛልም። ግን በሰልፍ የተገዛ፣ ማኅተም ያለው ወረቀት ቲያትር ብቻ ሊሆን እንደሚችል ልባቸው አልተቀበለም። ቲያትሩን አሳይተው የሆነ ነገር ያድሉናል ብለው ነው የመጡት።

ቲያትሩ ጥሩ ነበር። ስለ ሁለት ወንድማማቾች የድንበር ጠብ ነው፤ ሕዝቡ በደንብ ሳቀ፣ የእናትየው ቦታ ላይ ሴቶቹ አለቀሱ። አለቀ። መጋረጃው ተዘጋ፣ ተጨበጨበ። ማንም አልተነሣም። መምህሩ ሰው ቲያትሩን ወዶ ይጨመርልን እያለ መሰላቸውና፣ ደስታቸው ፊታቸው ላይ እያበራ፣ ልጆቹን መልሰው የመጨረሻውን ክፍል እንደገና አሠሯቸው። ሕዝቡ እሱንም ቁጭ ብሎ አየ። እንደገና ተጨበጨበ። አሁንም ማንም አልተነሣም።

«አንቺ ነሽ ያመጣሽልኝ፤ አንቺው መልሽልኝ» አሉኝ መምህሩ።

ዐይኔን በጨው አጥቤ መድረክ ላይ ወጣሁ። «ወገኖቼ» አልኩ፣ «የሚታደለው ታድሏል። ቲያትሩ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ነበር የተባለው፤ ለእናንተማ መጨረሻው ሁለቴ ደርሷችኋል።»

ይደበድቡኛል ብዬ በጓሮ በኩል ያለውን በር በዐይኔ ፈለግኩ። ከዚያ ከመሐል እንጨት ሻጯ ሳቀች። ዘንቢሏን አናቷ ላይ እንደ ቆብ ደፍታ ተነሥታ ሳቀች፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ሰው እየተገፋፋ፣ አንዱ የሌላውን ባዶ ዘንቢል እያየ፣ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ ወጣ። ለሳምንታት በየመንገዱ «ዛሬስ ምን ይታደላል?» እየተባባሉ ይስቁ ነበር።

በሩ ላይ ሊቀመንበሩ ቆሞ ጠበቀኝ። አክስቴ አጠገቤ ነበረች።

«ይህን ሁሉ ሕዝብ ያሰለፍሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ያለ ዘበኛ? ያለ ግፊያ?»

«ያለ ምንም። በእኛ ደጅ ማንም ማንንም አልገፋም።»

«ጥሩ» አለ። አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ከብርድ ነው ብዬ የራሴን ባና ደረብኩላት። እንዲህ ነበርኩ እንግዲህ፤ አፌን የሚዘጋው አልነበረም።

ማክሰኞ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር መጣ። ወረቀት ይዟል፤ ማኅተም አለበት። ፈገግ ብሎ ነው ያነበበልን፣ እንደ ሽልማት። የቀበሌው ሱቅ ያለበት ቅያስ ጭቃ ነው፣ ሰልፉም ሥርዐት የለውም። ይህ ቤት ግን ሰፊው ሕዝብ በገዛ ፈቃዱ በሥርዐት የሚሰለፍበት ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ቤት በግለሰብ እጅ ሊቀር አይገባም። ስለዚህ ከመጪው ሳምንት ጀምሮ የፊተኛው ክፍል የቀበሌው ሱቅ ይሆናል። ሰልፍ የምታስተናግድ ልጅ ስለምታስፈልግም እኔ ተቀጥሬያለሁ።

በሕይወቴ አፌ የተያዘው ያኔ ነው። ሲፈታልኝ የተናገርኩትም ለራሴ ገረመኝ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰልፉ እኮ የውሸት ነበር» አልኩ። «ድንጋዮቹን እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው። ዘንቢሉ የአክስቴ ነው።»

«ሰዎቹስ?» አለኝ።

«ሰዎቹ... የእውነት ናቸው።»

«ታዲያ?» አለ፣ ከልቡ ግራ ተጋብቶ።

አክስቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ባንኮኒውስ?»

«ባንኮኒው እዚሁ ይሆናል፣ ለሥራው ያስፈልጋል» አለና በመዳፉ ዳበሰው። «ጥሩ እጅ ነው የሠራው» አለ።

ሲወጡ ባና ማጠፍ ትጀምራለች ብዬ ጠበቅኩ። አላጠፈችም። መርፌና ክሩን በአንድ ሳጥን፣ አዝራሩን በሌላ ሳጥን ለየች። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለች፤ እኔን ግን አላየችኝም። እግሯ ላይ ወደቅኩ። እዚያ ሥራ አልገባም፣ አንኮበር እመለሳለሁ፣ ብሞት ይሻለኛል አልኩ፤ ሁሉንም አልኩ። እንባዬ የእውነት ነበር።

«ተነሽ» አለችኝ። «ትገቢያለሽ። ከሁለታችን አንዳችን እዚያ ባንኮኒ ጀርባ እንቁም።»

ባናውን በገበያ ቀን መሬት ላይ አንጥፋ መሸጥ ጀመረች። እኔ ደግሞ ሰኞ ሥራ ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ስኳር ነበር፤ ሰልፉ ልብስ ሰፊው ጥግ ደርሶ ታጥፏል፣ ልክ እንደዚያ ሐሙስ። በመስኮት ሳይ ጆሮው በቀይ ጨርቅ የታሰረ ዘንቢል አየሁ። ከፊት አይደለም፤ ከአርባ ድንጋይ ኋላ ነው፤ አክስቴም አጠገቡ ቆማለች። ወጣሁና «እትዬ፣ ነይ ግቢ» አልኳት። የኋላው ክፍላችን እኮ ያው ነው፤ በውስጥ በር ብትገባ ማንም ምንም አይላትም ነበር።

«ተራዬን እጠብቃለሁ» አለችኝ። «ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

እስክትደርስ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ያን ሁሉ ጊዜ በእያንዳንዱ ሰው ትከሻ ላይ አሻግሬ እሷን እያየሁ ነው የመዘንኩት። ሲደርሳት ካርዷን ባሏ በሠራው ባንኮኒ ላይ፣ ሃያ ዓመት ስትደገፍበት ከኖረችው ጎን ሳይሆን፣ ከወዲያ ጎን ሆና አስቀመጠች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ለሰው ስንት ነው?» አለች።

«አንድ ኪሎ፣ እትዬ» አልኩ።

«ምኑ?» አለች።

ላለቅስ ስል ሳቅ ሆኖ ወጣ፣ ሳቁ ደግሞ መልሶ ልቅሶ ሆነ፤ ሁለቱንም አልቻልኳቸውም። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ስኳሩን ስመዝን እጄ ወደ እሷ አደላ፤ አንድ እፍኝ ያህል ጨመርኩላት። አየችው። እፍኙን በእጇ ዘግና ወደ ጆንያው መለሰችው።

«በልኩ መዝኚ» አለችኝ። «ከኋላዬ ሰው ቆሟል።»